ተማሪና ተማራሪ

አማርኛ አንዳንዴ ሳያስበው ይቀልዳል። «ተማሪ» እና «ተማራሪ» የሚለያዩት በአንዲት «ራ» ብቻ ነው። ግስ የሚያውቁ ሊቃውንት «ኧረ ተው፣ ያኛው ከመሀረ ይኼኛው ከመረረ የመጣ ነው፤ ዘመድ አይደሉም» ይሉን ይሆናል። ልክ ናቸው። ነገር ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት አልፎ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ቆሞ፣ በር የተዘጋበትን ልጅ ፊት ያየ ሰው፣ ሁለቱ ቃላት ዘመድ ባይሆኑ እንኳ ጎረቤት እንደሆኑ ይገባዋል።

ተማሪ ሲማረር ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቃለን። «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» እንለዋለን። ይህን ስንል ተረት የተረትን እንጂ ክርክር ያቀረብን አይመስለንም። ሆኖም ክርክር ነው፤ ያውም የሥነ ምግባር ክርክር። ሲፈታ እንዲህ ይሆናል፦ ካንተ ችግር የሚበልጥ ችግር አለ፤ ስለዚህ ያንተ ችግር ችግር አይደለም፤ ስለዚህ ዝም በል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ እውነት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንዴት እንደተወለደ ግን የጠየቀ የለም። የጎረቤቴ ቤት እስከ መሠረቱ ስለተቃጠለ የእኔ ጣሪያ ማፍሰሱን ያቆማል እንዴ?

ይህ ክርክር ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ ነው የሚመጣው። «እኛ እኮ በባዶ እግራችን ነው የተማርነው» የሚለውን ማለቴ ነው። የአባቶች መንገድ የሚገርም ጠባይ አለው፤ በየዓመቱ ይረዝማል። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሁለት ሰዓት መንገድ የነበረው፣ ልጁ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ የአራት ሰዓት ሆኖ ይጠብቀዋል። አባትየው ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። የቻሉት መከራ በልጃቸው ዘንድ ቦታ እንዲያገኝ ስለፈለጉ ነው። ያ የራሱ ሐዘን አለው። ግን ከዚያ ተነስቶ «እኔ ስለቻልኩት አንተም ቻለው» ማለት ሌላ ነገር ነው። ያለፍኩበት እሾህ ለልጄ የሚተላለፍ ርስት ነው ወይ?

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ትንሽ ብስጭት፣ የመንገድና የክፍል ብስጭት፣ ቁም ነገር ተብላ ልትታሰብ ይገባታል ወይስ አይገባትም? ይህን አዲስ አበባ ላይ ማንሳት ቀላል ነው፤ የታክሲ ሰልፍ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ረዳት፣ የአራት ኪሎ ግፊያ። እዚያ የሚማረር ተማሪ ግን «ቅምጥል» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ነገሩን የባሰው በእርግጥ ወዳለበት ልውሰደው።

ከደብረ ታቦር ተነስተው ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ጉና በቀኝዎ ይቀራል። ክምር ድንጋይን ያልፉና ነፋስ መውጫ ይደርሳሉ፤ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ስሟን በሐቅ የተሸከመች ከተማ። ከዚያ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲሉ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ ከዚያ ወዲያ የስማዳዋ ወገዳ፣ በጉና በሌላኛው ወገን ደግሞ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ። ደጋና ቆላው ትከሻ ለትከሻ የቆመበት አገር ነው። ማዶ ያለውን ዘመድ ከዚህ ሆነው ተጣርተው ያናግሩታል፤ ሊስሙት ሲፈልጉ ግን ግማሽ ቀን ይሄዳሉ።

እስቲ እዚህ አገር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ ብዙ ስለሆነች። ወላጆቻቸው ትንሽ የሻላቸው ጓደኞቿ ከተማ ላይ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን እንጀራ ቋጥረው፣ ሽሮና በርበሬ ይዘው ይመጣሉ። እንጀራው ረቡዕ ይደርቃል፣ ሐሙስ ይሻግታል፣ ዓርብ የሻገተውን ገፈው የተረፈውን በሻይ ይበሉታል። የእኛዋ ልጅ ይህንንም አላገኘችም። ቤቷ «ቅርብ» ነው ተብሎ በየቀኑ ትመላለሳለች። ቅርብ ማለት አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ዝናብ ሲጥል በመንገዷ ላይ ያለው ወንዝ ይሞላል። ወንዝ ሲሞላ እስኪጎድል ይጠበቃል፤ ሌላ ብልሃት የለም። ጎድሎ ተሻግራ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው «ሰዓት አልፏል» ይላሉ። ዕድሏ ከቀና ገብታ ሣር ነቅላ ወይም ተንበርክካ ይቀርላታል። ካልቀናት እስከ እረፍት ሰዓት ድረስ አጥር ተደግፋ ትቆማለች።

አሁን ይህችን ልጅ «ምን አማረረሽ?» ብለን ብንጠይቃት ምን ትለናለች? ወንዙን የምትል ይመስልዎታል? አትልም። ወንዙ ሊወስዳት ይችል ነበር። በሩ ግን ያቆማታል እንጂ አይገድላትም። በጉዳት ሚዛን ወንዙ ይከብዳል። በምሬት ሚዛን ግን የሚደፋው በሩ ነው። ስለ ወንዙ ስታወራ «ሞልቶ ነበር» ብላ ታልፋለች፤ ስለ በሩ ስታወራ ድምጿ ይለወጣል። ለምን?

ወንዝ አያይም፤ ዘበኛ ያያል። ዘበኛው የራሰውን ቀሚስ አይተዋል፣ ወንዙ መሙላቱን ያውቃሉ፣ ከየት እንደመጣች ያውቃሉ፤ ዐውቀውም ዘግተዋል። ሰውን የሚያማርረው መጎዳቱ ብቻ አይደለም፤ እየታየ መጎዳቱ ነው። ፒተር ስትሮሰን የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1962 እ.ኤ.አ. ባቀረበው አንድ ጽሑፍ ነገሩን በዚሁ አቅጣጫ አይቶታል። ሳያየኝ እጄን የረገጠኝና ንቆኝ የረገጠኝ ሰው ሕመሙ እኩል ነው፤ ቂሙ ግን እኩል አይደለም። ምሬት ማለት ስለ ሌላው ሰው ልብ የምንሰጠው ፍርድ ነው። ስለዚህ «ይህችን ትንሽ ነገር» የሚል ሰው የሚለካው ሕመሙን ነው፤ ልጅቷ የምትከሰው ደግሞ ንቀቱን ነው። ሁለቱ ሰዎች ስለተለያየ ነገር እያወሩ ነው።

ታዲያ መንገዱስ? መንገድ ወንዝ ነው ወይስ ዘበኛ? እኔን ብዙ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ለረጅም ዘመን መንገድ ማጣት ከወንዝ ወገን ነበር፤ እግዜር እንዲህ አድርጎ የፈጠረው አገር፣ ጉና ከነውርጩ፣ ገደሉ ከነጉሙ። ማንም ላይ የሚያማርሩበት አልነበረም። ግን ጋይንት ላይ አንድ የታሪክ ነገር አለ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲዘምቱ፣ ጋፋት ላይ ያስቀረጹትን ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋ መድፍ ይዘው ነበር። መድፉ ደግሞ በቅሎ አይደለም፤ በእግረኛ መንገድ አይሄድም። ስለዚህ በጉና ግርጌ፣ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ተራራ እየተናደ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ መንገድ ተሠራ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። እንግዲህ በጋይንት ምድር መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ከታወቀ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የተሠራው ግን ለመድፍ ነው።

ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን ከወረታ እስከ ወልዲያ ቻይናዎች መንገድ ሠሩ፤ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይሉታል። ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉትን የገጠር መንገዶች ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. በኋላ በሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፈው ገበሬ በአካፋና በዶማ እየቆፈረ፣ እህል ወይም ገንዘብ እየተቀበለ ሠራ። የልጅቷ አባት ምናልባት አንዱን ኪሎ ሜትር የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። መንገድ አንዴ በሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል ከታየ በኋላ ግን የመንገድ አለመኖር ከወንዝ ወገንነት ወጥቶ ወደ ዘበኛ ወገን ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ለምን የእኛ መንደር ቀረ?» ይባላል። ወንዙም ቢሆን ማዶው ቀበሌ ላይ የብረት ድልድይ ከተዘረጋ ወዲያ ወንዝ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ልማት ሲመጣ ምሬት ይቀንሳል ብለው የሚጠብቁ ባለሥልጣናት ሲደነግጡ አይገርመኝም። ምሬት ይጨምራል፤ ትላንት የሰማይ የነበረው ሁሉ ዛሬ የሰው ስለሚሆን። «ይህ ሕዝብ አያመሰግንም» የሚሉት ያኔ ነው።

መኪናው ውስጥ እንግባ። በዋናው መንገድ ላይ የምትኖር ተማሪ በሚኒባስ ትሄዳለች፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰቦቿ ስትመላለስ ማለቴ ነው። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት፣ አራት በሚቀመጥበት አምስት። ስለ መስኮቱ ብዙ አልልም። ከተማይቱን ነፋስ መውጫ ብሎ የሰየመ ሕዝብ፣ መኪና ውስጥ ሲገባ ለነፋስ አንዲት ጣት የምታህል መውጫ አይሰጥም፤ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ!» ነው። ይህ ከመናደድ ይልቅ ለመሳቅ የተፈጠረ ነገር ነው። ሳቅ የማይመጣልኝ ሌላው ላይ ነው። ከኬላው ትንሽ ቀደም ብሎ ረዳቱ ዞር ይልና «ትራፊክ አለ፣ ትርፍ የሆናችሁ ጎንበስ በሉ» ይላል።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆም ብለን እናስባት። ተማሪዋ ሙሉ ሒሳብ ከፍላለች፤ ምናልባትም ከታሪፍ በላይ። መቀመጫ አላገኘችም፤ በርጩማ ወይም የሰው ጉልበት ነው ያገኘችው። አሁን ደግሞ የተበደለችው እሷ ሆና ሳለ ወንጀሉን እንድትደብቅ እሷው ትታዘዛለች። «ትርፍ» የሚለው ስም ራሱ የሷ ሆኗል፤ ትርፍ የጫነው ሰው ሌላ፣ ትርፍ የተባለችው እሷ። ጎንበስ ካላለች መኪናው ይቀጣል፣ ይዘገያል፣ ሌላው ተሳፋሪ «ምናለበት ብትጎነበሺ?» ብሎ ይቆጣታል። ስለዚህ ትጎነበሳለች። ትራፊክ ፖሊሱም ጎንበስ ያሉትን ጀርባዎች አያያቸውም፤ ወይም አያይም እንበል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቀና ብላ ወሬዋን ትቀጥላለች። የደረሰባት ጉዳት ምን ያህል ነው ቢባል፣ ምንም ማለት ይቻላል። ግን በዚያች ዕድሜ እየተበደሉ ከበዳይ ጋር መተባበርን መለማመድ «ትንሽ ነገር» ከሚለው መዝገብ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «የድሮ ተማሪ እኮ እንዲህ አያማርርም ነበር» ማለቱ አይቀርም። ያውም ጋይንት ላይ ሆኖ! የድጓ ምስክር ቤቱ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤቱ ዙር አምባ፣ ሁለቱም እዚህ ጋይንት ናቸው። ከሸዋም፣ ከጎጃምም፣ ከትግራይም የመጣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ዕውቀትን የሸመተበት አገር ነው። የውሻው ነገር የዘመኑ የመንገድ ብስጭት ነበር፤ በጀርባ ላይ የቀረው ጠባሳ የምረቃ ወረቀት ያህል ይቆጠራል።

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ የቆሎ ተማሪው መከራውን የመረጠው ነው። ሆን ብሎ ከዘመድ ይርቃል፤ እናቱ በላከችው ስንቅ እንዳይሰንፍ፣ ሠርግና ተዝካር እንዳይጠራው። የትምህርቱ አካል የሆነ ረሃብና በሰው ስንፍና የመጣ ረሃብ ሆድ ውስጥ አንድ ቢሆኑም ልብ ውስጥ አንድ አይደሉም። ውሻው ሲነክሰው መምህሩ ውሻውን አልላኩበትም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ስለዚያ ትምህርት የሚነግሩን ያለፉት ብቻ ናቸው። መሪጌታ የሆኑት፣ ሊቅ የተባሉት። በወረርሽኝ መንገድ ላይ የቀረው፣ ብርዱ አሸንፎት ወደ አባቱ ሞፈር የተመለሰው ልጅ ወግ አላወጋልንም። «መከራ ሰው ያደርጋል» የምንለው ሰው የሆኑትን ብቻ ቆጥረን ነው። በነገራችን ላይ የቆሎ ተማሪ አያማርርም የሚለውም እውነት አይደለም። ያማርራል እንጂ! በቅኔ ያማርራል፣ በቀልድ ያማርራል፣ ቆንቋናዋን ባለቤት እስከ ልጅ ልጇ የሚያስታውሷትን ስም አውጥቶላት ይሄዳል። ምሬቱን የሚያፈስበት ገንዳ ነበረው።

የዘመናዊው ክፍል ተማሪ ገንዳው የት ነው? መጀመሪያ የሚያገኘው ዳኛ የክፍል አለቃው ነው። መምህሩ ሲወጡ አለቃው ወረቀት ይዞ የረባሽ ስም ይጽፋል። የደገመ ከስሙ ጎን ኤክስ ይደረግበታል። የአለቃው ጓደኛ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ቢጨፍር አይጻፍም፤ ከኋላ ያለው ልጅ «እርሳስ አውሰኝ» ቢል ሁለት ኤክስ። መምህሩ ሲመለሱ ወረቀቱን ያነባሉ፣ ይቀጣሉ፤ «አላወራሁም» ያለ ለመዋሸቱ ይጨመርለታል። ይግባኝ የለም። ስንቶቻችን ነን ሕግ ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ ከዚያ ወረቀት የተማርን? አዋቂ ሆነን ስናስታውሰው እንስቃለን። ልጁ ግን አልሳቀም ነበር፤ ለእሱ ያ ትንሽ ነገር አልነበረም፣ በዓለም ላይ ካያቸው ፍርድ ቤቶች ሁሉ ትልቁ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የአዲስ አበባውና የወገዳው ልጅ አንድ ዓይነት መምህር እንዲያገኙ ነበር። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃሉ፣ መልሱን ራሳቸው ተናግረው ያልፋሉ። ቆይ ማለት አይቻልም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። በክፍሉ ውስጥ ያሉት በአካል የቆሙ መምህር ደግሞ ከፋች ዘጊ ሆኑ። ተማሪው የተማረረው አልገባኝም ብሎ ብቻ አይደለም፤ እጁን ቢያወጣ የሚያየው ባለመኖሩ ነው። ዘበኛውስ ቢያንስ ያያሉ። ፕላዝማ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አዲስ ነገር ጨምሯል፤ የሰው ሥራ ሆኖ ሳለ እንደ ወንዝ የማያይ ነገር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነቱ ነገር በዝቷል፤ «ሲስተሙ እምቢ አለ» የምትለዋን አነጋገር ያልሰማ አለ?

የጥንቶቹ ፈላስፎች ስለዚህ ነገር ተከፋፍለዋል። የኔሮን ሞግዚት የነበረው ሮማዊው ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ በሰው ሳል፣ በአግባቡ ባልተባረረ ዝንብ፣ በወደቀ ቁልፍ የሚቆጡትን ይዘባበትባቸዋል። ምቾት ያሞላቀቀው ሰው ትንሹ ነገር ይቆረቁረዋል ባይ ነው። የእኛ «የባሰ አለ» ባዮች ጠበቃ ቢፈልጉ እሱን ይቅጠሩ። አርስጣጣሊስ ግን በሌላ በኩል ቆሟል። ሊቆጣ በሚገባው ነገር፣ በሚገባው ሰው ላይ የማይቆጣ ሰው ለእሱ ታጋሽ አይደለም፤ ሞኝ ነው፣ ስድብን ዋጥ አድርጎ መኖርም የባሪያ ጠባይ ነው ይላል። እኔ የሴኔካን ምክር ለመስኮቱ፣ የአርስጣጣሊስን ደግሞ ለጎንበስ በሉ እሰጣለሁ። ሴኔካ ምክሩን የሚጽፈው ዝንብ የሚያባርርለት አገልጋይ ለነበረው ሰው መሆኑንም አልረሳም።

ትንንሽ ምሬት ምን እንደሚያደርግ የእኛው ታሪክ ይመሰክራል። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመጸው ስለ መሬት ላራሹ ወይም ስለ ሕገ መንግሥት አልነበረም። የወታደሩ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ መኮንኖቹ የራሳቸውን ውኃ ስለከለከሉት፣ ምግቡም ስለከፋ ነበር። ንጉሡ የላኳቸውን ጄኔራል ይዞ ያንኑ ምግብ እንዲቀምሱ አደረገ። በየካቲት የተከተሉት ደግሞ እነማን ናቸው? የነዳጅ ዋጋ የጨመረባቸው የታክሲ ሾፌሮችና «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ የተቃወሙ መምህራን። መንገድና ክፍል! ተማሪዎቹ ቀድሞውንም ጎዳና ላይ ነበሩ። ዙፋኑ በዓመቱ ሳይደርስ ወደቀ።

ይኸው ዓመት ግን ሌላ ገጽ አለው። ከስማዳ ማዶ ወሎ ውስጥ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሰው በረሃብ እያለቀ ነበር። የባሰው እዚያ ነበር። የባሰው ግን ዝም ብሎ ሞተ፤ ያመጸው ውኃ የተከለከለው ወታደር ነው። ይህን የምለው ወታደሩን ለመንቀፍ አይደለም። ትልቅ መከራ ጉሮሮ ይዘጋል ለማለት ነው። ትንሽ ምሬት የሚሰማው ገና ጉልበት ያለው፣ ገና «ይገባኛል» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪ ሲያማርር ሲሰማ የሚከፋው ወላጅ ዝም ሲል ይበልጥ ሊፈራ ይገባ ነበር። (የ1966ቱ ምሬት በኋላ ወዴት እንደሄደ፣ ስንት ተማሪ እንደበላ ይታወቃል፤ ምሬት እውነት መናገሩ መድኃኒት ማወቁን አያሳይም።)

ሌላም ነገር አለ፤ ትንሽና ትልቁን የሚለካው ማነው? ልጅቷ በዚያ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ የሚለክፏት ጎረምሶች አሉ። ለወንድሟ ይህ ቀልድ ነው፤ «ምን አሉሽ? ቃል ነው እኮ!» ጠለፋ በቆየበት አገር ግን ቃል ቃል ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ለከፋ ሥር ያለውን ጉድጓድ የምታየው እሷ ናት። ወንድሟ የሚያየው ክዳኑን ነው። እናቷ ደግሞ ሁለቱንም ታያለች፤ ስለዚህ «ከሁለት ልጆች ጋር ካልሆንሽ አትሂጂ» ትላለች። ጓደኞቿ በታመሙ ቀን እሷም ትቀራለች። መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል።

በመጨረሻ «የባሰ አለ» ባዩ በሙሉ ኃይሉ የሚመጣበት ቦታ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ሳይከፈት ከርሟል። ትምህርት ቤት አጥታ ከብት የምትጠብቅ ልጅ ዘንድ ሄደን «በር ስለተዘጋባት የተማረረች ልጅ ነበረች» ብንላት ምን ትለናለች? «ምነው እኔንም በዘጋብኝ» ትል ይሆናል። እንዲህ ማለቷ ግን በሩ መዘጋቱ ልክ ነበር ማለቷ ነው? አይመስለኝም። የናፈቃት ትምህርት ቤት ውስጥ መንበርከክ የለም፤ ሰው የሚናፍቀው መዓዛውን እንጂ ቅማሉን አይደለም። ይልቅ እንዲህ እላለሁ፤ ትልቁን በር የዘጋው ነገር ከአንድ ዘበኛ፣ ከአንድ ወላጅ አቅም በላይ ነው። ትንሹ በር ግን በአንድ ሰው እጅ ነው ያለው። የባሰውን ማስወገድ ስላልቻልን የሚቻለውንም እንተወው የሚል ሰው ካለ፣ ከየትኛው የሥነ ምግባር መጽሐፍ እንዳገኘው ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ሒሳቡን እናስላው። ልጅቷ በሳምንት ሁለት ቀን ብትዘገይና በእያንዳንዱ ቀን እስከ እረፍት ድረስ ሦስት ክፍለ ጊዜ ቢያመልጣት፣ በሳምንት ስድስት ነው። በአሥራ ስድስት ሳምንት ዘጠና ስድስት። በሳምንት ሠላሳ አምስት ክፍለ ጊዜ ለሚማር ተማሪ ይህ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ጥር 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አገር ደነገጠ፤ ኩረጃው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ የመምህራን ብቃት ተነሳ። ሁሉም ትክክል ሊሆን ይችላል። ስለ አጥር በር ግን የተነሳ ነገር አልሰማሁም።

ዘበኛውን ብንጠይቃቸው ጨካኝ ሆነው አናገኛቸውም። «እኔ መክፈት ጠልቼ ነው እንዴ፣ የኔ ጌታ? ሁለት ሰዓት ዝጋ ተብዬ ነው» ይላሉ። ደንቡን ያወጡት ዳይሬክተርም ቢጠየቁ የከተማው ልጅ እንዳይቀልድ ብለው ነው። ወንዝ የሚሻገሩትን ለይቶ፣ በዝናብ ወራት ሠላሳ ደቂቃ መጨመር ባጀት አይጠይቅም፤ ከወረዳ ደብዳቤም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የልጅቷ አባት አንድ ቀን ቢሮ ገብተው «ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ ወንዝ ነው ያገዳት» እንዲሉ ነው። አባትየው ግን ቢሮው በሚከፈትበት ሰዓት እርሻ ላይ ናቸው። ማታ ልጅቷ ስትነግራቸው ደግሞ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ እየታጠቡ «ተይ ልጄ፣ የባሰ አለ» ይሏታል።